ፍሬኑን ሳታዩ ብስክሌት አትግዙ፦ ለዕለት ተዕለት መንገድ የማውንቴን ብስክሌት አመራረጥ

የመጀመሪያዋን ማውንቴን ብስክሌቴን የገዛሁት መልኳን አይቼ ነው። ቀይና ጥቁር ነበረች፤ ከፊትም ከኋላም ሞላ አላት። ሻጩ ከፍ አድርጎ መሬት ላይ ሲያነጥራት ልቤ ተማረከ፤ ዋጋ ተከራክሬ፣ ከፍዬ ወጣሁ። ጉዷን ያወቅሁት ሐምሌ ላይ ነው። ጠዋት ከሽሮሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ እየወረድኩ ካፊያው ዶፍ ሆነ፤ ፊት ለፊቴ አንድ ሚኒባስ ሰው ሊጭን ድንገት ቆመ። ሁለቱንም ፍሬን ጨብጬ ያዝኩ። ጎማው ግን መዞሩን አልተወም። ጣቶቼ እስኪነጡ ብጨብጥም የፍሬኑ ላስቲክ በራሰው የብረት ቸርኬ ላይ ሳሙና እንደተቀባ ይንሸራተት ነበር። በሚኒባሱና ከኋላዬ በሚመጣው መኪና መሀል ሾልኬ ለጥቂት ተረፍኩ። ታች ስደርስ ከብስክሌቷ ወርጄ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ብስክሌት ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ ነው። ዘመድ ወይም ጓደኛ «ብስክሌት ልገዛ ነው፣ ምን ላድርግ?» ሲለኝም የምነግረው ከዚሁ ጀምሬ ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ብስክሌትን ለውድድር ሳይሆን ለሥራ፣ ለትምህርት ቤትና ለገበያ ለሚፈልግ ሰው ነው።

1. መጀመሪያ መንገዳችሁን ጻፉ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀት ያዙና በየቀኑ የምትሄዱበትን መንገድ ከቤት ደጃፍ ጀምራችሁ አስፍሩት። ዳገቱ የት ነው? ኮብልስቶኑስ? ኮሮኮንቹስ? ጭቃ የሚይዝበት ቦታ አለ? ምን ትጭናላችሁ? ብስክሌቱ የሚያድረው ቤት ውስጥ ነው ወይስ ግቢ ውስጥ ዝናብ እየመታው? በአቅራቢያችሁ ብስክሌት የሚጠግን ሰው አለ? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም አስበልጠዋለሁ፤ ጠጋኙ የማያውቀው፣ ዕቃው የማይገኝለት ፍሬን ሲበላሽ ብስክሌቱ ወራት ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል።

ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ የምትኖሩ ከሆነ መንገዳችሁ ለጥ ያለ ነው፤ ደህና የሚይዝ ቀላል ፍሬን ይበቃችኋል። አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ደሴ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ሆና እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር ታልፋለች። በእግራችሁ ኃይል የወጣችሁትን ዳገት ሁሉ ስትመለሱ በፍሬን ነው የምትወርዱት።

እንዲያውም የማውንቴን ብስክሌት ታሪክ ራሱ ከፍሬን ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ታማልፓይስ በሚባል ተራራ አካባቢ ወጣቶች አሮጌና ከባድ ብስክሌቶችን በአቧራማ ቁልቁለት ይነዱ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የተወዳደሩበት አንድ ቁልቁለት ከ3 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ርቀት 400 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የብስክሌቶቹ ፍሬን ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ፣ የኋላው ጎማ መሀል ውስጥ የተደበቀ ነበር። ታች ሲደርሱ ውስጡ ያለው ግራሶ ነድዶ ይጨሳል፤ ፈትቶ እንደገና ግራሶ መሙላት ግድ ነው። ቁልቁለቱንም «ሪፓክ» አሉት፤ እንደገና መሙላት እንደማለት ነው። ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮሜዳ ስትወርዱ ይህ ስም ትዝ ይበላችሁ።

2. የፍሬኑን ዓይነት ምረጡ

ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው ቪ ፍሬን ነው። ከቸርኬው ግራና ቀኝ ሁለት ክንዶች ይቆማሉ፤ እጀታውን ስትጨብጡ ሽቦው ይስባቸውና ላስቲኮቹን ቸርኬው ላይ ያጣብቃሉ። ሺማኖ የተባለው የጃፓን የብስክሌት ዕቃ አምራች እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ ላይ ካዋለው ወዲህ ዓለምን ያዳረሰ ፍሬን ነው። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ማንም ጠጋኝ ያውቀዋል፣ ባለ ስድስት ማዕዘን 5 ቁጥር ቁልፍ ካላችሁ ራሳችሁም ታስተካክሉታላችሁ። ደረቅ አስፋልት ላይ በደንብ የተገጠመ ቪ ፍሬን የሚያሳፍር አይደለም።

ድክመቱ ውሃና ጭቃ ነው። እዚህ ላይ ቸርኬው ራሱ የፍሬኑ አካል ነው፤ ያው ቸርኬ ደግሞ በየኩሬው የሚያልፈው ነው። ላስቲኩ መያዝ ከመጀመሩ በፊት ውሃውን ጠርጎ ማስወገድ አለበት፣ ያን ያህል መንገድ ትሄዳላችሁ። ከጭቃው ጋር የሚመጣው አሸዋ ደግሞ ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ቸርኬው አሉሚኒየም ከሆነ ይህ የሚቻል ነው። የብረት ቸርኬ ከሆነ ግን በዝናብ ጊዜ ፍሬን የላችሁም በሉት፤ እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

እንዴት ትለያላችሁ? ትንሽ ማግኔት ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከተበላሸ ስፒከር ላይ የተነቀለም ይሠራል። የፍሬኑ ላስቲክ የሚያርፍበት የቸርኬው ጎን ላይ አስጠጉት። ጠብ ብሎ ከተጣበቀ ብረት ነው፤ ሻጩ የፈለገውን ያህል ቢቀንስላችሁ ቪ ፍሬን ያለውን እንዲህ ያለ ብስክሌት አትግዙ። አልያዝ ካለ አሉሚኒየም ነው። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ በአውራ ጣታችሁ የቸርኬውን ጎን ዳብሱት። አዲስ ቸርኬ ቀጥ ያለ ነው። የተበላ ቸርኬ መሀሉ ላይ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ይላል፤ እንዲህ ያለው ቀጥኖ ስለሆነ የጎማው ነፋስ ገፍቶ ሊሰነጥቀው ይችላል።

ሁለተኛው የሽቦ ዲስክ ነው። ከቸርኬው መሀል፣ መካኒኮች ሞዞ ከሚሉት ላይ ቀጭን የብረት ዲስክ ይታሰራል፤ ካሊፐር የሚባለው መንከሻ በያዛቸው ሁለት ሸራዎች ግራና ቀኝ ይነክሰዋል። ዲስኩ ከመሬት ራቅ ስለሚል ኩሬና ጭቃ ቶሎ አያገኘውም፤ ቸርኬው ቢጣመም እንኳ ፍሬኑ ይሠራል። የኮሮኮንች መንገድ ቸርኬን ስለሚያጣምም ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። የሚስበው ተራ ሽቦ ስለሆነ ሽቦው ቢበጠስ በየትም ቦታ ትቀይሩታላችሁ። አብዛኛው ርካሽ የሽቦ ዲስክ አንዱን ሸራ ብቻ ነው የሚገፋው፤ ያኛው ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ሸራው ሲያልቅ የቆመውን ጎን በእጃችሁ ማስጠጋት አለባችሁ። ይህን የማያውቅ ሰው «ዲስኩ ደከመ» ብሎ ይጥለዋል።

ሦስተኛው የዘይት ዲስክ ነው። በሽቦ ፈንታ ዘይት ነው ኃይሉን የሚያደርሰው። በአንድ ጣት ይያዛል፤ እጅ ለሚደክመው ሰው፣ ረጅም ቁልቁለት ላለበት መንገድ የሚወዳደረው የለም። ግን አንድ ነገር በብርቱ ላስጠነቅቅ። የብስክሌት ፍሬን ዘይት ሁለት ዓይነት ነው። ሺማኖ፣ ቴክትሮና ማጉራ ሚኒራል ዘይት ይጠቀማሉ። ሌሎች፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ የስራምና የሄይስ ፍሬኖች፣ እንደ መኪና ዶት የሚባለውን ይጠቀማሉ። የመኪና ዕቃ መሸጫ ሁሉ ዶት ዘይት ስላለው «ያው የፍሬን ዘይት ነው» ብሎ ሺማኖ ውስጥ የሚጨምር ሰው አይታጣም። ውስጡ ያሉት ጎሚኖች ያብጣሉ፣ እጀታው መመለስ ያቆማል፣ ፍሬኑም ያበቃለታል። በተገላቢጦሹም እንደዚያው ነው። የሚፈልገው ዘይት እጀታው ወይም ክዳኑ ላይ ተጽፏል፤ ሳታነቡ አትሙሉ፣ ሳይነበብም አታስሞሉ።

ታዲያ የትኛውን? የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ዳገትና ዝናብ ላለበት ከተማ በየቀኑ የሚነዳ ሰው ጥሩ የሽቦ ዲስክ ይያዝ። ሸራውና ዘይቱ የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ካረጋገጠ ወደ ዘይት ዲስክ ይለፍ። በጀቱ ጠበብ ካለ ደግሞ የማይታወቅ ድርጅት ከሠራው ቀሽም ዲስክ ይልቅ የአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ የተገጠመ ደህና ቪ ፍሬን ይሻለዋል። ዲስክ ስለሆነ ብቻ ይይዛል ማለት አይደለም፤ የሚንቀጠቀጥ፣ ከቆርቆሮ የተሠራ የሚመስል ካሊፐር ብዙ አይቻለሁ።

የዲስኩን ስፋትም ጠይቁ። የተለመደው 160 ሚሊ ሜትር ነው። ከበድ ያለ ሰው ወይም ዕቃ የሚጭን ከሆነ ከፊት 180 ቢሆንለት ይመረጣል፤ ሰፊ ዲስክ በትንሹ ሲጨበጥም የበለጠ ይይዛል፣ ሙቀቱንም ቶሎ ይበትናል። እንዲሁም ቪ ፍሬን ያለውን ለመግዛት ከወሰናችሁ የብስክሌቱ አካልና የፊት ሹካው ላይ የካሊፐር ማሰሪያ ቀዳዳ፣ ሞዞው ላይም የዲስክ ማሰሪያ መኖሩን እዩ። ካለ ነገ ገንዘብ ሲገኝ ወደ ዲስክ ትቀይራላችሁ። ከሌለ በሩ የተዘጋ ነው።

3. ገንዘብ ሳታወጡ ፍሬኑን ፈትኑ

ይህን ስታደርጉ አትፍሩ፣ አትቸኩሉም፤ ተረጋጉ። ሻጩ ቢያጉረመርም ይጠብቅ።

እጀታውን በሁለት ጣት ጨብጡ። መሪውን ሳይነካ ግማሽ መንገድ ላይ ጠጠር ብሎ መቆም አለበት። መሪው ድረስ የሚደርስ ከሆነ ሽቦው ላልቷል ወይም ሸራው አልቋል፤ በዘይት ከሆነ ደግሞ ነፋስ ገብቶበታል። ለቀቅ ስታደርጉት ፈጥኖ ይመለስ። ቀስ እያለ የሚመለስ ሽቦ ውስጡ ዝጓል።

የፊቱን ፍሬን ብቻ ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደ ፊት ግፉ። የፊት ጎማው ተይዞ የኋላው ከመሬት ብድግ ማለት አለበት። ቀጥሎ የኋላውን ብቻ ይዛችሁ ግፉ፤ ጎማው ሳይዞር መሬት ላይ ይንሸራተት። የትኛው እጅ የትኛውን ፍሬን እንደሚይዝም በዚሁ ለዩ፤ ከውጭ የሚገቡ ያገለገሉ ብስክሌቶች እንደመጡበት አገር ይለያያሉ፣ በሚያስደነግጥ ሰዓት መሳሳት አደጋ ነው።

የዘይት ከሆነ አጥብቃችሁ ጨብጡና 30 ሰከንድ ያዙት። እጀታው ቀስ በቀስ እየሰመጠ ከሄደ አንድ ቦታ ያፈሳል። በጣታችሁ የካሊፐሩን ዙሪያና የቱቦውን መገጣጠሚያ ዳብሱ፤ ርጥበትና አቧራ ተላቁጦ ጥቁር ጭቃ ከሠራ ምልክቱ ያ ነው።

ከዚያ ጎማውን አንስታችሁ አዙሩት። ዲስኩን በካሊፐሩ መሀል በብርሃን ተመልከቱት። በሸራውና በዲስኩ መሀል ከሁለቱም በኩል ቀጭን የብርሃን ክር መታየት አለበት። በየዙሩ አንድ ቦታ «ሽው፣ ሽው» የሚል ከሆነ ዲስኩ ትንሽ ተጣሟል፤ ይህ የሚቃና ነገር ነው፣ ዋጋ ለመቀነስ ግን ጥሩ ምክንያት ይሆናችኋል። የሸራው መያዣ ብረት ላይ የቀረው ሸራ እንደ ጥፍር የሳሳ ከሆነ የሸራ መቀየሪያ ዋጋ ከሂሳቡ ይነሳላችሁ። ሺማኖ ሸራው 0.5 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ይቀየር ይላል፤ ከዚያ ካለፈ ብረት ከብረት ጋር እየተፋጨ ዲስኩንም ይዞት ይሄዳል።

4. ልካችሁን እወቁ

ግድግዳ ተደግፋችሁ ጫማ አውልቁ፤ መጽሐፍ በእግሮቻችሁ መሀል ወደ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙና ከመጽሐፉ ጫፍ እስከ መሬት ለኩ። የእግራችሁን ርዝመት በሴንቲ ሜትር በ0.226 ስታባዙ የማውንቴን ብስክሌቱ አካል ልክ በኢንች ይወጣል። እግሩ 78 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው 17.6 ያገኛል፤ ስለዚህ 17 ወይም 18 ቁጥር ይሆነዋል። ቁጥሩ መነሻ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፤ በመጨረሻ ላይ ወጥታችሁ ሞክሩት። ከላይኛው ቱቦ በላይ ቆማችሁ ሁለቱም እግራችሁ መሬት ሲረግጥ በእናንተና በቱቦው መሀል አራት ጣት ያህል ይትረፍ። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ታች ባለው ፔዳል ላይ ስታሳርፉ ጉልበታችሁ ቀጥ ካለ የኮርቻው ከፍታ ልክ ነው። ብዙ ሰው ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ ይነዳና ጉልበቴን አመመኝ ይላል።

ስለ ፍሬንም አንድ ነገር፦ እጃችሁ ትንሽ ከሆነ እጀታው ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን አዙራችሁ እጀታውን ወደ መሪው ማቅረብ ይቻላል። ለሴቶችና ለወጣቶች ይህን የሚነግራቸው የለም፤ ጣታቸው ጫፍ ላይ ብቻ ደርሶ እየጨበጡ ፍሬኑ ደካማ ነው ይላሉ።

5. ሞላው ላይ አትሳቱ

ርካሽ ሆኖ የኋላ ሞላ ያለውን ብስክሌት እለፉት። ክብደት ይጨምራል፣ ዳገት ላይ የረገጣችሁትን ጉልበት ሞላው ይበላዋል፣ መገጣጠሚያዎቹ በዓመት ውስጥ መንቋቋት ይጀምራሉ፤ ለዚያ ገንዘብ ሲሉ ሠሪዎቹ የቀነሱት ደግሞ ፍሬኑንና ቸርኬውን ነው። የፊት ሞላ ብቻ ያለው ይበቃል። እንዲያውም ለአስፋልትና ለኮብልስቶን ምንም ሞላ የሌለው ቀጥ ያለ ሹካ ከሰፋ ጎማ ጋር ሲሆን ደስ የሚል፣ ጥገና የማይጠይቅ ጥምረት ነው። የፊት ሞላ ካለው የሞላው መቆለፊያ ቢኖረው ዳገት ላይ ይጠቅማችኋል።

አካሉ አሉሚኒየም ወይም ጥሩ ብረት ቢሆን ሁለቱም ያስኬዳሉ። ብረቱ ይከብዳል፣ ነገር ግን ቢሰነጠቅ በየሰፈሩ ያለ ብየዳ ቤት ይደርስለታል።

6. ጎማ፣ ነፋስና ቀዳዳው

የጎማ ልክ 26፣ 27.5 ወይም 29 ኢንች ይሆናል። 29 ጉድጓድ በቀላሉ ይዘላል፤ 26 አሮጌ ልክ ቢባልም ጎማውም ከመነዳሪውም (ነፋስ የሚይዘው የውስጥ ጎማ) በየቦታው ስለሚገኝ እኔ ለሠራተኛ ሰው አልንቀውም። ወፍራም ጥርስ ያለው ጎማ አስፋልት ላይ ይጮሃል፣ ይከብዳል። መሀሉ ለስላሳ፣ ዳሩ ትንሽ ጥርስ ያለውን፣ ስፋቱ ከ1.75 እስከ 2 ኢንች የሆነውን ምረጡ።

የነፋስ ቀዳዳው እንደ መኪናው ወፍራም መሆኑን አረጋግጡ፤ ያኔ ማንኛውም ጎሚስታ ይሞላላችኋል። ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ግን ማስተላለፊያዋን ትንሽ ጫፍ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ጎሚስታው ሲሞላ አጠገቡ ቁሙና በጥቂት በጥቂቱ አስሞሉ፤ የመኪና ኮምፕሬሰር የብስክሌትን ከመነዳሪ በሰከንዶች ውስጥ ያፈነዳል። የሚፈቀደው ግፊት ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። እንደ እኔ 70 ኪሎ ለሚሆን ሰው ሁለት ኢንች ገደማ ስፋት ያለው ጎማ 40 ፒኤስአይ አካባቢ ሲሆን ምቹ ነው።

7. ማርሽ፦ ትልቁን ሳይሆን ትንሹን ጠይቁ

«ባለ 21 ማርሽ ነው» ሲሏችሁ አትደነቁ። የሚያወጣችሁ የማርሹ ብዛት ሳይሆን በጣም ቀላሉ ማርሽ ነው። የፊቱን ትንሹን ጥርስና የኋላውን ትልቁን ጥርስ ቁጠሩ። ከፊት 28፣ ከኋላም 28 ከሆነ ፔዳሉን አንድ ዙር ስትረግጡ ባለ 26 ጎማ ብስክሌት 2 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከፊት 22፣ ከኋላ 34 ከሆነ ግን 1 ሜትር ከ30 ገደማ ብቻ ይሄዳል፤ ያ ማለት ዳገቱን ተቀምጣችሁ፣ እየተነፈሳችሁ ትወጡታላችሁ ማለት ነው። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ፒያሳ ለሚወጣ ሰው ይህ ልዩነት ብስክሌቱን ከመንዳትና ከመግፋት መሀል ያለ ልዩነት ነው።

8. ያገለገለ ከሆነ

ያገለገለ ጥሩ ብስክሌት ከአዲስ ቀሽም ብስክሌት ይሻላል፤ እኔ አሁን የምነዳትም ያገለገለች ናት። ነገር ግን ጊዜ ሰጥታችሁ መርምሩ። የመሪው አንገት ሥር፣ ቱቦዎቹ የሚገናኙበት ብየዳ ላይ የቀለም መሰንጠቅ ወይም መጨማደድ ካለ ተዉት። የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝውዙ፤ በሌላ እጃችሁ የመሪውን አንገት ስትይዙ ጠቅ ጠቅ የሚል ከተሰማችሁ ላልቷል ወይም ኩሽኔታው አልቋል። የፔዳሉን ክንድ ወደ ጎን ግፉ፤ መነቃነቅ የለበትም።

ሰንሰለቱን በማስመሪያ ለኩ። ከአንዱ የመገጣጠሚያ ዘንግ መሀል ጀምራችሁ 24 ዘንግ ስትቆጥሩ አዲስ ሰንሰለት 30.48 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 30.7 ከደረሰ መቀየር አለበት፤ ከዚያ ካለፈ የኋላውን ጥርስ ሁሉ በልቶታል፣ ሁለቱንም ትገዛላችሁ።

የአካሉ ሥር፣ ፔዳሉ አጠገብ የታተመውን ቁጥር አንብቡ፤ ተፍቆ ከጠፋ የተሰረቀ ሊሆን ይችላልና ለቃችሁ ሂዱ። ከሻጩ ጋር ስሙንና ያን ቁጥር የያዘ ወረቀት ተፈራረሙ።

9. የመጀመሪያዎቹ ቀናት

አዲስ ዲስክና አዲስ ሸራ በመጀመሪያው ቀን አይዙም፤ መላመድ አለባቸው። መኪና የሌለበት ሜዳ ፈልጉ። በመጠነኛ ፍጥነት እየሄዳችሁ ፍሬኑን ቀስ ብላችሁ ጨብጡ፣ ልትቆሙ ስትሉ ልቀቁ። ይህን 20 ጊዜ ያህል ደጋግሙት፤ ቀጥሎ ትንሽ ፈጠን ብላችሁ 10 ጊዜ። ጎማውን አታጣብቁት፣ ሙሉ በሙሉም አትቁሙ። ከአሥረኛው በኋላ ፍሬኑ ሲጠነክር በእጃችሁ ይሰማችኋል።

እዚያው ሜዳ ላይ የፊት ፍሬንን ልመዱ። ብዙ ሰው ከፊት ፍሬን ይሸሻል፣ ይገለብጠኛል ብሎ። ሚኒባስ ድንገት ሲቆም ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት ይሄድ የለ? የብስክሌቱም ክብደት እንዲሁ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል፤ የኋላው ይቀልና ይንሸራተታል። የሚያቆማችሁ በዋናነት የፊቱ ነው። ወገባችሁን ወደ ኋላ ገፋ፣ ክንዳችሁን ጠንከር አድርጉና የፊቱን እያጠበቃችሁ ሂዱ እንጂ በአንድ ጊዜ አትጨብጡት። ርጥብ ኮብልስቶን፣ የቱቦ ክዳን ወይም አሸዋ ላይ ስትደርሱ ለቀቅ አድርጉት።

ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን እስከ ታች ይዛችሁ አትሂዱ። ጠንከር አድርጋችሁ ይዛችሁ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ልቀቁት፣ ይተንፍስ፣ እንደገና ያዙ። ታች ስትደርሱ ዲስኩን በእጃችሁ አትንኩ፤ ያቃጥላል።

10. ክረምት ሲገባ

ከሰኔ እስከ መስከረም በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ስጡት። ቪ ፍሬን ካላችሁ ላስቲኮቹን አውጥታችሁ የተሰካባቸውን አሸዋና የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ በመርፌ ጫፍ ልቀሙ፤ ቸርኬውን የሚበላው እሱ ነው። ላስቲኩ ቸርኬው ላይ ሙሉ በሙሉ ይረፍ፤ ጎማውን የሚነካ ከሆነ ጎማው ይቀደዳል፣ ወደ ታች የወረደ ከሆነ ደግሞ ወደ ቸርኬው ሽቦዎች ይገባል። የሚጮህ ከሆነ የላስቲኩ የፊት ጫፍ ከኋላው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ አዘንብላችሁ እሰሩት።

የሽቦ ዲስኩ ሲላላም መጀመሪያ ሽቦውን አትሳቡ። የቆመውን ሸራ ማስተካከያ አዙራችሁ ዲስኩን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው፣ የቢዝነስ ካርድ ውፍረት ያህል፣ አስጠጉት። ከዚያ ካሊፐሩን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ትንሽ አላልታችሁ፣ እጀታውን ጨብጣችሁ ይዛችሁ፣ ተራ በተራ በጥቂቱ አጥብቋቸው። ከዚህም በኋላ የላላ ከሆነ እጀታው ሥር ያለችውን በእጅ የምትዞር ማስተካከያ ተጠቀሙ።

ዲስኩን በዘይት አታጥቡ፤ ሰንሰለቱን ስትቀቡም ዲስኩን በላስቲክ ሸፍኑት። አንድ ጠብታ ዘይት ሸራው ውስጥ ከገባ ሸራውን መቀየር ነው እንጂ መፍትሔ የለውም። ዲስኩን ማጽዳት ከፈለጋችሁ ከፋርማሲ ንጹሕ አልኮል ገዝታችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። የእጅ ሳኒታይዘር ግን አይሆንም፤ ብዙው ለቆዳ ልስላሴ ግሊሰሪን ስላለበት ዲስኩ ላይ ቅባት ይተዋል።

ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ የማይጠፉት እነዚህ ናቸው፦ አንድ የፍሬን ሽቦ፣ አንድ ጥንድ ሸራ፣ 5 ቁጥርና 4 ቁጥር ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ፣ አንድ ከመነዳሪ፣ ትንሽ የእጅ ፓምፕ፣ ጨርቅ። ጠዋት በር ላይ ስወጣ ደግሞ ከመንዳቴ በፊት የፊቱን ጨብጬ እገፋለሁ፣ የኋላውን ጨብጬ እገፋለሁ። ሁለቱም ከያዙ ነው ኮርቻው ላይ የምወጣው።